የሮቤራ ቀፎ

ሮቤ፣ ጥር 12 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለተከበሩ አዴ ጤቤ፣

እንደምን ሰነበቱ? የሪራ ብርድስ እንዴት ይዞዎታል? እኔ አልሐምዱሊላህ ቆሜ እሄዳለሁ። መልስ በማዘግየቴ ይቅርታ ያድርጉልኝ። ዲኖ ደብዳቤዎን ከሰጠኝ አራት ቀን ሆኖታል። ሦስት ጊዜ ጀምሬ ሦስቱንም ቀደድኩት።

የጠየቁኝን በተራ ልመልስ። ኢብቲሳም እንቅልፍ የላትም። ሲቀበሏት «ደህና ትተኛለች» ያልኩዎት ውሸቴን ነው፤ እንዳይመልሱብኝ ፈርቼ ነው። ሾርባ ትጠጣለች፣ ሌላውን በግድ ነው። ጨለማ አትፈራም። የስልክ ጥሪ ትፈራለች፤ የማንም ስልክ ይሁን፣ ሲጮኽ ትከሻዋ ሽቅብ ይሰበሰባል።

«ያ ቀን ምን እንደሆነ በራስሽ ቃል ጻፊልኝ» ብለውኛል። አዴ ጤቤ፣ ይህን ይተዉልኝ። ከሴት ጓደኞቿ ጋር ቤት ውስጥ ፀጉሯን ፈትታ ስትጨፍር የቀረጿት ቪዲዮ ትምህርት ቤቱን አዳረሰ። በሦስተኛው ቀን ያ ነገር ሆነ። ዘጠኝ ቀን ሆስፒታል ተኛን። እርስዎ ስንት ዓመት ነርስ ነበሩ፣ የቀረውን ያውቁታል።

ማን ያውቃል ላሉኝ፣ እኔና እርስዎ፣ ሦስተኛው ዲኖ ነው። ዲኖ የባለቤቴ የወንድሙ ልጅ ነው፤ በመኪናው አጣድፎ ያደረሳት እሱ ነው። ለሌላው ሰው ታይፎይድ ነው ብያለሁ። አሁን ደግሞ አንገቱ ከተማ አክስቷ ዘንድ ቡና ለቀማ ሄዳለች ብያለሁ። ምን ልበል? አባቷ ከሞተ ስድስት ዓመቱ ነው። ያለችኝ እሷ ነች። አሥራ ስድስት ዓመቷ ነው፤ ነገ ሰው ፊት መቆም አለባት።

አሁን እኔ አንድ ነገር ልጠይቅዎ። ገበያ ላይ ቅመም የምጠቀልልበትን አሮጌ ወረቀት በኪሎ ነው የምገዛው። ፊደል የለመድኩትም ከዚያው ወረቀት ነው። ባለፈው ከአንድ የሥልጠና ጽሑፍ የተቀደደ ገጽ ደረሰኝ። የሚያወራው ስለ እርስዎ ሥራ ነው፤ መንፈሳቸው የተጎዳ ልጆችን ጫካ አስገብቶ፣ አብሯቸው እየሄዱ፣ እሳት እያስነደዱ፣ ቀስ በቀስ ስለ ማዳን። መጨረሻው ላይ «ወጣቶቹ በጫካ ቆይታቸው ግልጽ መሻሻል አሳይተዋል። ወደ ቤታቸው ከተመለሱ በኋላ ግን» ይላል፤ ገጹ እዚያ ላይ ያልቃል። የቀረውን ክምር አንድ በአንድ ገለበጥኩት። የለም። ምናልባት የአንድ ሰው በርበሬ ይዞት ሄዷል።

አዴ ጤቤ፣ ከዚያ በኋላ ምንድን ነው የሚለው?

ወፍራሙን ሹራቧን ልኬአለሁ። ዲኖ «ፖስታ ቤት አደረጋችሁኝ፤ ቴምብሩን ግንባሬ ላይ ለጥፉት» እያለ ነው።

ሃጂራ


ሪራ፣ ጥር 19 ቀን 2017

ሃጂራ እህቴ፣

ሰላምሽ ይብዛ። ሹራቡ ደርሷል። ለብሳዋለች፤ እጅጌውን እስከ ጣቶቿ ድረስ ስባ ትይዘዋለች።

የምናደርገውን ማወቅ ከፈለግሽ፣ የሚያስገርም ነገር የለም። ስድስት ልጆች ናቸው። ጠዋት ወንዝ ወርደው ውኃ ይቀዳሉ፣ እንጨት ይለቅማሉ፣ የራሳቸውን ምግብ ራሳቸው ያበስላሉ። ከሰዓት ጫካ ውስጥ ረጅም መንገድ እንሄዳለን። መሄድ ደግ ነው፤ ሰው ፊት ለፊት ሳይተያይ ጎን ለጎን ሲሄድ ብዙ ያወራል። ስልክ የለም፤ ቢኖርም ኔትወርክ ለማግኘት ሳነቴ ተራራ መውጣት ነው።

ኢብቲሳም ሰባት ቀን ሙሉ አልተናገረችም። በስምንተኛው የተናገረችው ለእኔ ሳይሆን ለኦቦ ጉሉማ ነው። ኦቦ ጉሉማ ቀርከሃ እየሰነጠቀ ቀፎ የሚሠራልን የሪራ ሽማግሌ ነው። አጠገቡ ቆማ ስታየው ቆየችና «ይሄ ጠማማ ነው» አለችው። እሱም ቀና ሳይል «ስልሳ ዓመት ጠማማ ቀፎ ስሰቅል አንዲት ንብ ከስሳኝ አታውቅም። አንቺ ከየትኛው ፍርድ ቤት ነሽ?» አላት። በማግስቱ ቀርከሃ ስትይዝለት አየኋት።

የእሱን ሥርዓት ልንገርሽ፤ ሥራዬ የቆመው በእሱ ላይ ነውና። በአባቶቹ ልማድ ቀፎን የሚከፍተው የሰቀለው እጅ ነው። ሌላ ሰው አይነካውም። ስለዚህ እያንዳንዱን ልጅ በአርባኛው ቀን ገደማ ቀፎ አሰቅለዋለሁ። ማሩ የሚቆረጠው በሰኔ ነው። ቤቱ ይመለሳል፣ በሰኔ መጥቶ የራሱን ይከፍታል። ሠላሳ ዓመት ነርስ ሆኜ ስሠራ ይህን የመሰለ ቀጠሮ ለበሽተኛ ሰጥቼ አላውቅም።

ስለ ወረቀቱ ሌላ ጊዜ እጽፍልሻለሁ፤ ዲኖ መኪናውን አስነስቶ ክላክስ እያደረገብኝ ነው። ያን ቀን ግን ጻፊው። አንቺ በአፍሽ የማትይውን ነገር ልጅሽ ብቻዋን ትሸከመዋለች።

ጤቤ


ሮቤ፣ ጥር 24 ቀን 2017

ለተከበሩ አዴ ጤቤ፣

አላህ ዕድሜዎን ያርዝመው። «ጠማማ ነው» ማለቷን ሃያ ጊዜ አነበብኩት። ልጄ እንዲህ ነበረች፤ የሰው ሥራ ላይ ስህተት ሳታወጣ አትውልም ነበር። አመሏ መመለሱን ሳነብ ገበያ መሐል ተቀምጬ ሳቅሁ። ደንበኛዬ ቅመሙን ትቶ ሄደ።

«የምትፈሪው ምንድን ነው?» ቢሉኝ፣ ሰው ነው የምፈራው። የባለቤቴ እህት ልጇን ጁሀራን የካቲት 9 ትድራለች። ጁሀራና ኢብቲሳም አንድ ጡት የጠቡ ያህል ናቸው። ያየኝ ሁሉ «ቡና ለቀማው አላለቀም ወይ?» ይለኛል። የአንገቱን ቡና ሁሉ የለቀመችው ልጄ ሆነች። ለሠርጉ ካልመጣች ጥርጣሬው ወሬ ይሆናል። ለሁለት ቀን ብቻ ቢለቁልኝ ምን ይመስልዎታል? ሰኞ ዲኖ መልሶ ያመጣታል።

ስለ ወረቀቱ አልመለሱልኝም። እንግዲህ በሌላ መንገድ ልጠይቅ። ባለፈው ዓመት ከእርስዎ ጋር የነበሩት ልጆች ዛሬ እንዴት ናቸው? ስማቸውን አይንገሩኝ። ስንቱ ዳነ፣ ስንቱ አልዳነም፣ እሱን ብቻ።

ሃጂራ


ሪራ፣ ጥር 28 ቀን 2017

ሃጂራ እህቴ፣

ሁሉም ደህና ናቸው። አሳብ አይግባሽ።

ሠርጉን ተዪው። ገና ሃያ ሦስት ቀኗ ነው። ትናንት ከአንዷ ልጅ ጋር ጭቃ ላይ ተንሸራትተው ወድቀው ሳቀች፤ ድምፅ አውጥታ ሳቀች። እኔ ዞር ብዬ እንጨት የማነሳ መሰልኩ። እንዲህ ያለውን አሁን አትንኪብኝ። ቀፎዋን ጨርሳለች፤ ከኦቦ ጉሉማ ይልቅ የእሷ ቀጥ ያለ ነው፤ እሱም አምኗል። የመንደሩ ሰዎች «ሴት ልጅ ዛፍ ትወጣለች ወይ?» ብለው ሲጠይቁት «ንቦቹ ቅሬታ አላቀረቡም» አለ።

ጤቤ


ሪራ፣ የካቲት 4 ቀን 2017

ሃጂራ፣

ይህን ተቀምጠሽ አንብቢው።

ባለፈው የጻፍኩልሽ ውሸት ነው። ባለፈው ዓመት ዘጠኝ ልጆች ነበሩኝ። አራቱ ደህና ናቸው፣ ትምህርት ቤት ይሄዳሉ። ሦስቱ ቤት ከገቡ በሁለት ወር ውስጥ ወደ ነበሩበት ተመልሰዋል። አንዷ ወደ አዳማ ሄዳለች አሉኝ፣ ሌላ አላውቅም። ዘጠነኛው ሮቤራ ይባላል። የጎባ ልጅ ነው፣ አሥራ ሰባት ዓመቱ ነበር። ከሁሉም የበለጠ የተሻለው እሱ ነበር። እዚህ ይዘፍን ነበር። ቀፎውን ሰቅሎ ቤቱ ተመለሰ፤ በሚያዝያ ራሱን አጠፋ። ቤተሰቡ ከፈረስ ወድቆ ነው ብለው ቀበሩት። እኔም ለቅሶ ሄጄ፣ እውነቱን እያወቅሁ፣ «ምን ዓይነት ፈረስ ነው?» ብዬ ጠየቅሁ። ይህን ያደረግሁት እኔ ነኝ።

የጠየቅሽኝ ይህንን ነበር። ጫካው እንደሚሠራ አውቃለሁ፤ ዓይኔ እያየ ልጆቹ ይለወጣሉ። ቤት ከገቡ በኋላ ግን የእኔ እጅ አይደርስም። ይህን ብነግርሽ ልጅሽን ትወስጃለሽ ብዬ ፈራሁ።

አሁን የምጽፍልሽ ደግሞ ኢብቲሳም ስላወቀች ነው። የሮቤራ ቀፎ ከወንዙ በላይ ትልቁ የኮሶ ዛፍ ላይ ተሰቅሏል። ሳይቆረጥ ዓመት ሊሞላው ነው። ማሩ ሞልቶ ንቦቹ በውጭ ተንጠልጥለዋል። ትናንት ኦቦ ጉሉማን «ይሄ ለምን አልተቆረጠም?» አለችው። እሱ መዋሸት አያውቅም። «ባለቤቱ አልመጣም» አላት። «የት ሄዶ?» አለችው። ነገራት።

ከዚያ ወዲህ የራሷን ቀፎ አልሰቅልም ብላ ጓዳ ውስጥ ጥግ አስይዛዋለች።

ይቅርታ በማይበቃበት ቦታ ይቅርታ እጠይቅሻለሁ።

ጤቤ


ሮቤ፣ የካቲት 6 ቀን 2017

አዴ ጤቤ፣

ልጄን ለዲኖ ይስጡት። ይህን ደብዳቤ ይዞ የመጣው እሷን ሊወስድ ነው። ዕቃዋን ጠቅልለው ይስጡት፣ ቀፎውን አልፈልግም።

ለሞተ ልጅ ቀጠሮ የምትሰጡ መሆናችሁን ባውቅ ኖሮ አላመጣትም ነበር። ከእናንተ ጫካ የእናቷ ቤት ይሻላታል። ሠርጉም አለ።

ሃጂራ


ሮቤ፣ የካቲት 11 ቀን 2017

አዴ ጤቤ፣ በአላህ፣ እርስዎ ጋ ነች?

ይህን የምጽፈው የዲኖ መኪና ኮፈን ላይ አስደግፌ ነው። ዛሬ ጠዋት ስነሳ አልጋዋ ባዶ ነው። ሻያ ወንዝን ዳር ለዳር ሄድኩ። ጎረቤት ሁሉ ገብቼ የስንዴ አረም መድኃኒት የሚያስቀምጡበትን እየከፈትኩ አየሁ፤ ምን ፈልገሽ ነው ሲሉኝ ወደሚቀጥለው ቤት ሮጥኩ። ትምህርት ቤቱ፣ መስጊዱ፣ መነኻሪያው፣ የለችም።

ጥፋቱ የእኔ ነው፣ ልንገርዎ። ሠርጉ ላይ ያገኛት ሁሉ «ታይፎይዱ አከሳሽ» ይላታል። ታይፎይድ ማለቴን ከሰው አፍ ሰማች። ከዚያ «አንገቱ እንዴት ነው? አክስትሽ ደህና ናት? ቡናው ዘንድሮ ያዘ?» ይሏታል። ልጄ እኔን አየችኝ። እኔ ዓይኔን ወደ ሳህኔ አወረድኩ። ከዚያ ሙሉ ቀን፣ አዴ ጤቤ፣ ስላላየችው ቡና ስታወራ ዋለች። «አዎ ያዘ» ትላለች። «ዝናቡ ደህና ነው» ትላለች። ትናንት ማታ ደግሞ፣ በሠርጉ ማግስት፣ ሴቶቹ ሲጨፍሩ አንዷ ከወዲያ «ኢብቲሳምን አስገቧት እንጂ፣ እሷ እኮ ዝነኛ ናት! ስልካችሁን አውጡ!» አለች። ሳቁ። እኔም፣ ጥርጣሬ እንዳይገባቸው ብዬ፣ አብሬ ሳቅሁ።

ስንተኛ «እማ፣ እኔ ብሞት ኖሮ ምን ትዪ ነበር? ታይፎይድ?» አለችኝ። «እንዲህ አይባልም፣ ተኚ» አልኳት።

ተኚ ነው ያልኳት።

ዲኖ ወደ እናንተ ሊነዳ ነው። እኔ ጎባ ላይ ወርጄ ሆስፒታሉን አያለሁ። እባክዎ ኮሶውን ይዩልኝ።

ሃጂራ


ሪራ፣ የካቲት 11 ቀን 2017

ሃጂራ፣

አለች። በሕይወት አለች። ዲኖ ይህን ይዞ አሁኑኑ ይመለስ፣ ሌላውን በኋላ።

እስከ ጎባ በሚኒባስ፣ ከዚያ ሳነቴን ግማሹን በእግሯ፣ ቀሪውን በጭነት መኪና መጣች። ከንፈሯ በብርዱ ተሰነጣጥቋል። እኔ ጋ አልመጣችም፤ በቀጥታ ኮሶው ሥር ነው የሄደችው። ኦቦ ጉሉማ አያት። ቶሎ ብሎ አልቀረበም፤ አጠገቧ ተቀምጦ ገመድ መግመድ ጀመረ። ብዙ ቆይታ «ሰው ጋ ስሄድ እሞታለሁ፤ እዚህ ስሆን ደግሞ የሞተ ሰው ቀፎ አያለሁ። የት ልሂድ?» አለችው። እሱም «አላውቅም። ይሄን ጫፍ ያዢልኝ» አላት። ገመዱን ያዘችለት።

አሁን እሳት ዳር ነች። ዓይኔን አልነቅልባትም፤ ከእኔ ጋር ነው የምትተኛው። መምጣት ከፈለግሽ አትምጪ አልልሽም። የምትመጪ ከሆነ ግን በአፍሽ የማትይውን ያን ቃል ይዘሽ ነይ።

ጤቤ


ሮቤ፣ የካቲት 16 ቀን 2017

ለልጄ ለኢብቲሳም፣

እንዴት ነሽ? ከንፈርሽ ዳነልሽ? ቅቤ ልኬልሻለሁ። ለአንቺ ደብዳቤ ስጽፍ ይህ የመጀመሪያዬ ነው፤ ስህተት ካገኘሽበት አስምሪበትና መልሺልኝ፣ አመልሽ ነው።

ልመጣ ተነስቼ ነበር። ከዚያ ባዶ እጄን ምን ይዤ ልሂድ አልኩ። ቀድሞ እዚህ የምጨርሰው ነገር ነበር።

ሐሙስ ዕለት የጁሀራ እናት ቤት ሴቶቹ ሁሉ ተሰብስበው ነበር። «ኢብቲሳም የት ሄደች?» አሉኝ። ቆሜ «ልጄ አንገቱ ሄዳ አታውቅም። ታይፎይድም አልነበረባትም። ልጄ ራሷን ልታጠፋ ነበር። አሁን ሪራ ጫካ ውስጥ ሕክምና ላይ ነች» አልኩ። አክስትሽ እጄን ይዛ «ዝም በይ፣ ሰው ይሰማል!» አለችኝ። «ይስማ» አልኳት። ሁለት ሴቶች ነጠላቸውን ይዘው ወጡ። ያቺ ስልካችሁን አውጡ ያለችው መሬት መሬት ስታይ ቆይታ ወጣች። አንዲት ትልቅ ሴትዮ ግን፣ ስሟን ለሰው እንዳልነግር አስምላኛለች፣ እስከ ቤቴ ተከትላኝ መጣች። ስለ ታናሽ እህቷ ነገረችኝ። አርባ ዓመት ሆኖታል፤ ለሰው ስትናገር የመጀመሪያዋ ነው።

በማግስቱ ጎባ ሄድኩ፣ የሮቤራ እናት ቤት። አታውቀኝም፣ አላውቃትም። መጀመሪያ ስለ ፈረሱ ነገረችኝ። እስክትጨርስ ሰማኋት። ከዚያ ስለ አንቺ ነገርኳት፣ ስለ ኮሶውም ነገርኳት። በመጨረሻ የጠየቀችኝ አንድ ነገር ብቻ ነው፦ «ቀፎው ሞልቷል?» አለችኝ።

«ሞልቷል» አልኳት። እስከ መኪናው ሸኘችኝ።

ልጄ፣ ያን ቀን ማታ ለጠየቅሽኝ ጥያቄ መልሴ ይህ ነው። ምንም አልልም ነበር፤ ታይፎይድ እል ነበር። አሁን አልልም። እንዳትሞቺብኝ ብቻ። ዛሬ እንዳትሞቺብኝ፣ ነገን ነገ እንነጋገርበታለን።

እናትሽ


ሮቤ፣ ግንቦት 26 ቀን 2017

ለተከበሩ አዴ ጤቤ፣

እንደምን ከረሙ? ዝናቡ መንገዱን አበላሽቶት ዲኖ ሁለት ሳምንት ሳይወርድ በመቅረቱ መልሴ ዘገየ፣ አይቀየሙኝ።

«ደህና ነች በሚል ቃል አታልፊኝ፣ ያለውን ጻፊ» ብለውኛል። እሺ። ኢብቲሳም ከእናንተ ከተመለሰች ሁለት ወር ከሳምንት ሆናት። ከስድስት ሌሊት አራቱን ትተኛለች። ትምህርት ጀምራለች፤ ሦስት ቀን ሄዳ አራተኛውን ትቀራለች። አንድ ቀን ሻንጣዋን ይዛ ከበር ተመለሰች፤ አልጠየቅኋትም፣ አብረን ቅመም ስንለቅም ዋልን። ባለፈው ሳምንት ክፉኛ ከፋባት። እርስዎ እንዳስተማሩኝ በቀጥታ «ራስሽን ስለ ማጥፋት እያሰብሽ ነው?» ብዬ ጠየቅኋት። ምላሴ አልታዘዘኝም ነበር፣ ግን አልኩት። «አዎ፣ ትንሽ» አለችኝ። ተነስተን ሆስፒታል ሄድን፤ የሚያናግራት ሐኪም አለ፣ በየሳምንቱ ትሄዳለች። እኔ አሁንም የምተኛው ፍራሼን በሯ ላይ ዘርግቼ ነው። እሷ ለመውጣት ስትረግጠኝ «እማ፣ አንቺ ሰው ነሽ ወይስ ምንጣፍ?» ትለኛለች።

የዚያን ወረቀት ቀሪ ግማሽ አሁንም እፈልጋለሁ። ክምር ሲመጣ አልተውም። ቢገኝም ግን ስለ ሌሎች ልጆች እንደሚያወራ ገብቶኛል፤ የእኔዋ እዚያ ላይ አልተጻፈችም።

እናም የምለምንዎ ነገር አለ። በየካቲት መጨረሻ ራሷ ወጥታ የሰቀለችው ቀፎ ላይ ንብ መግባቱን ከነገሯት ወዲህ ቀን እየቆጠረች ነው። ግድግዳው ላይ በከሰል «ሰኔ 14» ብላ ጽፋለች። ኖራ የተቀባ ግድግዳ ነው፣ ሌላ ጊዜ ቢሆን እጮህ ነበር። ኦቦ ጉሉማ ማሩ ቀድሞ ቢደርስም ባይደርስም ቀኑን እንዳያዛውርብኝ ይንገሩልኝ። ደርሶም ከሆነ ይቆይ፤ ካልደረሰም ባዶውን ትክፈተው። ሰኔ 14 ብቻ ይሁን።

ትናንት ገበያ ይዛኝ ሄዳ ክዳን ያለው ባልዲ አስመረጠችኝ። አንዱን ይዤ ልንሄድ ስንል «ሁለት» አለችኝ። ሁለተኛው ለሮቤራ እናት ነው። ሴትዮዋ እንደምትመጣ ቃል አልሰጠችንም፤ ሁለት ጊዜ መልእክት ልከንላታል፣ ዝም ብላለች። ኦቦ ጉሉማም የልጁን ቀፎ እናቱ ልትከፍተው አይሆንም ማለቱን ዲኖ ነግሮናል። ኢብቲሳም ይህን ስትሰማ «ያሳደገው እጅ ያው የእሱ እጅ ነው በሉት» ብላ ለሽማግሌው ልካለች። የመጣላት መልስ «መክፈቱን አስብበታለሁ፤ ከዛፉ ሥር ባልዲ ይዞ መቆም ግን የተከለከለ አይደለም» የሚል ነው።

ነገ ጠዋት ጎባ እንሄዳለን። ባልዲውን በሯ ላይ አስቀምጠንላት እንመለሳለን።

ሃጂራ